አዲሱ በረኛ

የስታዲየሙ ሦስተኛ በር ፈታሽ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት እንደ ሕገ መንግሥት ነበር የሚያከብረው። ተመልካቹ «ራጅ» ብሎ ስም ያወጣለት ለሽሙጥ ነው፤ እሱ ግን ምስጋና መስሎት ደረቱን ነፋ።

ፊት ለፊቱ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ በላስቲክ የተለበጠ ወረቀት አለ። ከዚህ ወረቀት የሚሰፋ ቦርሳ አይገባም። ፈሳሽ አይገባም። ጃንጥላ አይገባም። ይህን ያህል ሥልጣን በአንድ ወረቀት ላይ ተጽፎ የሚያገኝ ሰው ጥቂት ነው፤ ራጅም አልሰሰተበትም።

«እናት፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«የልጆቹ ውሃ ነው፣ ወንድሜ።»

«ለሁለት ሰዓት ውሃ ቢያጡ አይሞቱም። ድፊው!»

ሴትየዋ ልጆቿ እያዩ ውሃውን መሬት ላይ ደፋችው። ከኋላዋ የቆመው ጎረምሳ ከት ብሎ ሳቀ። ጃኬቱ ሆዱ ላይ አለቅጥ አብጧል፤ ርችት ይሁን ድንጋይ እንጃለት።

«አንተ ቀልድ የገባህ ሰው ነህ፣ እለፍ» አለው ራጅ፣ እጁን እንኳ ሳያሳርፍበት።

የሦስት ወር የሙከራ ጊዜው የሚያልቀው ዛሬ ነው። ወይ ቋሚ ይሆናል፣ ወይ ቤቱ ይገባል። ሚስቱ ደግሞ ቸኩላ «ቋሚ ሆነ እኮ!» ብላ ለጎረቤት ሁሉ አዳርሳለች። ስለዚህ ቤቱ መግባት የሚባለው ነገር ጨርሶ የሚታሰብ አልነበረም።

ጨዋታው ሊጀመር አንድ ሰዓት ሲቀረው ረጅም፣ ትከሻው የሰፋ ወጣት መጣ። የያዘው ቦርሳ የወረቀቱን አራት እጥፍ ይሆናል።

«ይሄን ሻንጣ ይዘህ ወዴት ነው? አውሮፕላን ማረፊያው በዚያ በኩል ነው!»

ሰልፉ ሳቀ። ወጣቱ አልሳቀም።

«በረኛ ነኝ» አለ።

ባለፈው ሳምንት ቡድኑ አምስት ጎል ከገባበት ወዲህ ከተማው የሚያወራው ስለ በረኛ ብቻ ነው። ራጅ ዛሬ ይህን ማታለያ ሲጠብቅ ነው የዋለው።

«አንተ በረኛ ከሆንክ እኔ አጥቂ ነኝ። ክፈተው!»

ቦርሳው ውስጥ ጓንት፣ ፎጣ፣ ኮፍያና ወፍራም ካልሲ ነበር። ራጅ ካልሲውን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ለሰልፈኛው አሳየ። ጓንቱን ሲያይ ግን ተጠራጠረ። ለማንኛውም ብሎ አለቃው ጋ ደወለ።

«አንድ በረኛ ነኝ የሚል ሰው...»

«አዲሱ በረኛ መጣ? ታዲያ ምን አቆመህ? በደንብ ተቀበለው! የሚጠይቅህን ሁሉ አሳየው። ያንተን ጉዳይ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።»

ራጅ ካልሲውን እንደ ሕፃን ልብስ አጣጥፎ መለሰ።

«ይቅርታ ጌታው፣ አላወቅኩዎትም። ቦርሳዎን ልያዝልዎት። መልበሻ ክፍል ላድርስዎት?»

«የለም፣ ጋሼ። እዚሁ ትንሽ ልቁምና ልይ።»

«ምን ዓይነት ትሑት ሰው ነው!» አለ ራጅ በልቡ፤ የራሱን ወንበር ጠርጎ አቀረበለት።

ወጣቱ ሰልፉን፣ ጠረጴዛውን፣ የፈሰሰውን ውሃ ተራ በተራ አየ።

«የበፊቱ በረኛ ምን አጥፍቶ ነው የሚለወጠው?»

«እሱ?» ራጅ እጁን አወናጨፈ። «እሱን በረኛ ብሎ የጠራው ማን ነው? ወንፊት! ሲያዩት ግንብ ይመስላል፣ ጠጋ ሲሉት ወለል ያለ በር ነው። ትልቅ ትልቁን እያሳለፈ በትንሹ ይጨቃጨቃል። አፉ ደግሞ!»

«አለቃም እንደዚያው ነው ያሉኝ።»

«ታዲያስ! ሲባረር የሚያዝንለት ውሻ እንኳ አይኖርም።»

ወጣቱ ራሱን ነቀነቀ። አንድ ተማሪ በዚህ መሃል ጃንጥላውን ተነጠቀ።

«የሚያዘው ዕቃ የት ነው የሚገባው?»

«በመመሪያው ዕቃ ክፍል ነው» አለ ራጅ፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እርስዎ የኛው ሰው ስለሆኑ ነው የምነግርዎ። ሦስት ወር ሙሉ ሚስቴ ሽቶ ገዝታ አታውቅም። ዛሬም ሁለት ደርሶኛል። ሰዓትም አለ፤ ብረት ነው ብዬ ነው የያዝኩት።»

«አሁን የት አሉ?»

«እዚህ ቦርሳዬ ውስጥ ናቸዋ! ዕቃ ክፍል ምን ይሠራሉ?»

ሳቀ። ወጣቱም ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። ራጅ በዚህ ተበረታታ።

«አንድ ነገር ልለምንዎት። አለቃ የእርስዎን ቃል ይሰማል። ስለ እኔ አንድ ነገር ጣል ቢያደርጉልኝ... ያየኸውን ንገረኝ ካለዎት፣ ያዩትን ብቻ ነው።»

«ያየሁትን እነግራቸዋለሁ፣ ጋሼ። ምንም አላስቀርም።»

ራጅ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ቋሚነቱ በእጁ ገባ።

የጨዋታው ሰዓት ሲደርስ ስታዲየሙ በጩኸት ተናጋ። ቡድኖቹ ሜዳ ገቡ። ራጅ አጮልቆ አየና ደነገጠ።

«ጌታው፣ ይሩጡ እንጂ! ጎሉ ላይ ሌላ ሰው ቆሟል እኮ!»

ወጣቱ አልሮጠም። ጓንቱን አጠለቀ፣ ጠረጴዛውን ዞሮ መጣ፣ ከራጅ ጎን ቆመ።

«ጋሼ» አለው፣ «ከመሄድዎ በፊት ቦርሳዎን ይክፈቱልኝ።»