ያልጻፍሁት ምዕራፍ

የፖስታውን አፍ በማስመሪያ ቀደድሁና ወረቀቶቹን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፍሁ። ረቂቁን ወደ አዲስ አበባ፣ ለሳንሱር ከላክሁት ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆኖታል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ «እንዲታተም ተፈቅዷል» የሚል ማኅተም አርፎበታል። ደስታውን ጠበቅሁት፤ አልመጣም። የመጣብኝ እንቅልፍ ነው።

ፊት ለፊቴ አገርነሽ ታይፕ ትመታለች። እኔ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ነኝ፤ እሷ የቢሮው ጸሐፊ። ሦስቱንም ልብ ወለዶቼን ከሥራ ሰዓት ውጭ እየቆየች በታይፕ የመታችልኝ እሷ ናት።

«ተፈቀደ እንዴ ጋሽ ሣህሉ?» አለችኝ፤ ጣቶቿ ሳያቆሙ።

«ተፈቀደ።»

«እንኳን ደስ አለዎት።»

የምጽፈው የጥንት ግድያ ነው። በጎንደር ነገሥታት ዘመን አንድ ሰው ተገድሎ ይገኛል፤ አንድ የቤተ መንግሥት ጸሐፊ ገዳዩን ፈልጎ ያወጣል። በንጉሡ ጊዜ በጻፍሁት በመጀመሪያው መጽሐፍ ገዳዩ መስፍን ነበር፤ «መስፍን አይገድልም» ተባልሁና ገረድ አደረግሁት። ከአብዮቱ በኋላ በጻፍሁት በሁለተኛው ገዳይዋ ገረድ ነበረች፤ «ጭቁን አይገድልም» ተባልሁና መስፍን አደረግኋት። በሦስተኛው ማንም ሳይነግረኝ፣ ገና ከጅምሩ፣ መስፍኑን ገዳይ አድርጌ ጨረስሁት። ያን ቀን ነው መሰለኝ የደከመኝ።

በቀይ የተሰረዘ ነገር ይኖር እንደሆነ ብዬ የመጨረሻውን ምዕራፍ ገለጥሁ። አንድ ገጽ አነበብሁ። እንደገና አነበብሁት። የኔ አይደለም።

በኔ ምዕራፍ መስፍኑ በሰንሰለት ታስሮ ይወሰዳል። በዚህኛው ጸሐፊውን ወደ ጣና ዳር ይጠሩታል። አንድ ወጣት የቅኔ ተማሪ ደንገሉ መሐል ተጋድሟል፤ ደረቱ ሁለት ቦታ በጦር ተበስቷል። ሹማምንቱ «ሰጥሞ ሞተ ብለህ ጻፍ» ይሉታል። ጸሐፊው ቁስሎቹን ያያል። ከዚያ ይጽፋል። መጽሐፉ እዚያ ያልቃል።

ታይፑ ዝም ማለቱን ያስተዋልሁት ያን ጊዜ ነው።

«አገርነሽ፣ ይኸን ማን ጻፈው?»

«እኔ ነኝ። ለሳንሱር የሚሄደውን ንጹሑን ቅጂ ስመታልዎት። እርስዎ ሳያነቡት ነበር የላኩት።»

ተነሥታ በሩን ዘጋችና ተደግፋው ቆመች። ምን ልትለኝ እንደሆነ ዐወቅሁ። አራት ዓመት ሙሉ ፈርቼው ነበር፤ ሲመጣ ግን ለመፍራት እንኳ አቅም አጣሁ።

በሰባ ዓመተ ምሕረት፣ በኅዳር፣ የቀበሌያችን ሰዎች ከቤቴ ጠርተው እዚሁ ጣና ዳር ወሰዱኝ። የአገርነሽ ታናሽ ወንድም አካሉ ሣሩ ላይ ተጋድሟል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ደረቱ በጥይት ተመትቷል። «አንተ ደራሲ ነህ፤ አሳምረህ ጻፍልን» አሉኝ። «ሲዋኝ ሐይቅ ውስጥ ሰጥሞ ሞተ» ብዬ ጻፍሁ። ሦስት ሰዎች ፈረሙበት። የኔ ስም የለበትም።

«ወረቀቱን ለእናቴ ሲሰጧት ያነበብሁላት እኔ ነኝ» አለች አገርነሽ። «አሥራ አንድ ዓመት የእጅ ጽሑፍዎን ሳነብ ኖሬ፣ የርስዎን ‹ሐ› የማላውቃት መሰለዎት?»

«በማግስቱ ሥራ ገባሽ። ረቂቄንም ተቀበልሽኝ።»

«ምን ላድርግ? እምቢ ቢሉ እርስዎንም ከጎኑ ያጋድሙዎት ነበር። ልጆች አሉዎት። ይኸን ለራሴ ስንት ጊዜ ነገርሁት።» ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ሳበች። «ግን የሆነ ቦታ ተጽፎ ይቀመጥ ብዬ ነው። ካልፈለጉት የርስዎ ምዕራፍ ቅጂ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ስሕተት ነው ብለው ሳንሱሩን አስፈቅደው ይለውጡት። አልቀየምዎትም።»

ከፈረሙት አንዱ፣ የቀበሌው ሊቀ መንበር፣ መጽሐፎቼን ይወዳል። እያንዳንዱን ከእጄ ነው የሚወስደው፤ «ገዳዩን ቀድሜ ዐውቄብሃለሁ» እያለ ይኩራራብኛል። ይኸንንም ያነበዋል።

በመስኮቱ አየሁ። እንጨት የጫነ ታንኳ እያዘገመ ወደ ገበያው ይሄዳል። ቀዛፊው አይቸኩልም። ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው። ሌላ መስፍን፣ ሌላ ሰንሰለት ለመጻፍ የሚሆን ጉልበት በውስጤ ፈለግሁ፤ የለም።

የመጨረሻውን መስመር አነበብሁ፤ «ጸሐፊው እጁ እየተንቀጠቀጠ ጻፈ።»

ብዕሬን አነሣሁ። ማኅተም ያረፈበትን ጽሑፍ አንድ ፊደል መንካት ክልክል ነው። «እጁ እየተንቀጠቀጠ» የሚለውን ሰረዝሁት።

ቀረብ ብላ አየችው። «እሱን ለምን? ያዘንሁልዎት እኮ እዚያ ቃል ላይ ነበር።»

«አልተንቀጠቀጠም» አልኋት። «ወረቀቱ እርጥብ ሣር እንዳይነካው ጉልበቴ ላይ አድርጌው ነበር። ፊደሎቹ እንዲያምሩ ነበር የምጠነቀቀው።»

ኮሪደሩ ላይ ሰው አለፈ።

«እሱንም ይጻፉት» አለችኝ።