እኔን

መጭመቂያው ማሽን የትርንጎን ሁለት ጣቶች ሲጨፈልቅ፣ አጠገቧ የቆመችው ወይንሸት «እኔን ይድፋኝ!» ብላ ጮኸች። ፋብሪካው ከገባች ገና ሳምንቷ ነው፤ አፏን አልገራችም። የቀሩት ሁሉ ጥርሳቸውን ነክሰው ዝም አሉ። ጣሪያው ላይ የተሰቀለው አዳማጭ መሣሪያ እንደሚሰማ ያውቃሉ።

ትርንጎ እጇን በሻሿ ጠቅልላ ካሳ ክፍል ገባች።

«ካሳ ያለ ጥፋተኛ አይከፈልም፤ የአንቺ ግን ተገኝታለች» አላት ጸሐፊው። «ወይንሸት ‹እኔን› ብላ በራሷ ላይ መስክራለች። ይህን ቅጽ ከፈረምሽ ዛሬውኑ ትባረራለች።»

«አዝናልኝ እኮ ነው።»

«አዳማጩ የሚመዘግበው የተባለውን ነው። ሕጉም የሚያምነው እሱን ነው።»

«አንተ ልጅ ሆነህ ስትወድቅ እናትህ ምን ትልህ ነበር?»

ጸሐፊው ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ።

ትርንጎ ቅጹን በደህናው እጇ ጨምድዳ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችለት። ስትወጣ በሩ ላይ «በዚህ ዓመት የተጎዳ ሠራተኛ የለም» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎ አየች። ምራቋን ተፋችበት።

ቤቷ ስትደርስ የአምስት ዓመት ልጇ ፍሬሰላም ልትቀበላት ስትሮጥ የበሩ ደፍ አደናቀፋትና በግንባሯ ተደፋች። ትርንጎ ጥርሷን ነከሰች። እዚህ አዳማጭ የለም፤ ፋብሪካው ውስጥ ስምንት ዓመት የተገራ አፍ ግን ይህን አያውቅም። ልጅቷ ከመሬት ቀና ብላ፣ እንባዋን ይዛ ጠበቀች፣ ጠበቀች።

«እማ፣ ስወድቅ አላየሽኝም?» አለቻት።