ሁለት ዛፍ መሀል

ሽማግሌው በኮሮና ታመው ከተማ ውስጥ ከተኙበት ማቆያ ድነው ወጡና፣ ማስካቸውን እንዳደረጉ ወደ መንደራቸው ሲጓዙ ግመል የሚነዳ እንግዳ ወጣት አገኙ። አፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ዳጉ ሳይባባል፣ ያየውንና የሰማውን ሳይለዋወጥ አያልፍም። በሽታው ከመጣ ወዲህ ግን መጨባበጡ ቀርቶ፣ ሁለቱም በየዛፋቸው ሥር ቆመው ይጯጯሃሉ።

«ዝናቡስ?»

«ጥሩ ነው፣ አባ።»

«ከብቱስ?»

«ደህና ነው። ብቻ ከወዲያ መንደር ሽማግሌው ሁመድ በኮሮና ሞቱ።»

ሁመድ እሳቸው ነበሩ። ደነገጡ፤ ቀጥሎ ሳቃቸው መጣ። ማስኩ ሸፈነላቸው።

«ሰው አዘነላቸው?»

«እንዴታ! ባላንጣቸው ሐንፈሬ እንኳ ‹በግጦሹ ጠብ ጥፋቱ የኔ ነበር› ብሎ አለቀሰ።»

ሽማግሌው ግንዱን ተደግፈው ተንፈቀፈቁ። «ሚስትየዋስ?»

«ሞሚና? እሷማ ጠብታ እንባ አላወጣችም።»

ሳቃቸው ደረቀ። «አትወዳቸውም ነበር?»

«እንጃ። ‹ያ ሰውዬ ሳይጨቀጭቀኝ አይሞትም› ብላ እንቢ አለች። ሽማግሎቹ ዳጉን ውሸት አደረግሽ ብለው ዛሬ ሊቀጧት ተቀምጠዋል። በሉ አባ፣ አሁን የእርስዎን ወሬ ይንገሩኝ።»

ማስካቸውን አወለቁ። «ሁመድ እኔ ነኝ። ሞሚናን ወተት አምሮታል በላት።»

ወጣቱ ግመሉን ጥሎ በመጣበት ሮጠ።

እሳቸው ግመሉን እየነዱ ሲደርሱ ወተቱ ታልቦ ነበር። ሞሚና ደጃፉ ላይ ቆማ፣ «እስካሁን የት ቆየህ!» እያለች ታለቅሳለች።