የታችኛው ግማሽ ገጽ

«እስከዚህ ያለው ያንቺ ጽሑፍ ነው። ከዚህ በታች የሌላ ሰው ነው። ማን ጻፈልሽ?» አለ መምህሩ፣ ገጹን መሃል ለመሃል በጥፍሩ እያሰመረ።

ተማሪዎቹ «መርማሪው» ይሉታል። የእጅ ጽሑፍ አይቶ ባለቤቱን ያውቃል። እንኳን የልጅ ጽሑፍ፣ ዝንብ ወረቀት ላይ የጣለችውን ነጥብ አይቶ ዝንቧ ከየትኛው ክፍል እንደመጣች ይናገራል ይባልለታል። ይህን ወሬ ከሁሉም አብልጦ የሚያወራው ደግሞ ራሱ ነው።

ልጅቱ አንገቷን ደፋች። የገጹ ላይኛው ግማሽ ፊደሉ ቀጥ ብሎ የተሰለፈ ነው፤ የታችኛው ነፋስ ያጋደመው እህል ይመስላል።

«እኔ ነኝ፣ ቲቸር።»

«ሁለቱንም?»

«ሁለቱንም።»

«አይ አንቺ! እኔን ልትሸውጂ? አንቺ ሳትወለጂ የነቃሁትን ሰውዬ!»

ከኋላ ወንበር «ተበላች!» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩን ሞቅ አለው።

«በይ እዚሁ ፊቴ ጻፊ። ሰሌዳው ላይ ያለውን እንዳለ።»

ሰሌዳው ከጫፍ እስከ ጫፍ ጢም ብሏል። መጽሐፉ ለሁሉም ስለማይዳረስ ከጠዋት ጀምሮ የገባ መምህር ሁሉ ሰሌዳ ሞልቶ ያስገለብጣል። የእሱ ስድስተኛው ክፍለ ጊዜ ነው።

ጻፈች። የመጀመሪያው መስመር እሰይ የሚያሰኝ ነው።

«ይኸው! ያንቺ ጽሑፍ ይሄ ነው!» አለ ወደ ክፍሉ ዞሮ።

ሦስተኛውም ደህና ነው። አምስተኛው ላይ ፊደሎቹ ወገባቸውን ያዙ። ስድስተኛው ላይ ተደጋገፉ። ልጅቱ አውራ ጣቷን በግራ እጇ አሸት አሸት አድርጋ ቀጠለች። ሰባተኛው ላይ ያ «የሌላ ሰው» ጽሑፍ፣ ቁርጥ እሱው፣ ዓይኑ ሥር ተጋደመ።

«ተሳስቻለሁ» የምትል ቃል መምህሩ ምላስ ጫፍ ድረስ መጣች። ሠላሳ ስምንት ልጅ እያየው ነው። ሊል ነው፤ አሁን ሊል ነው።

«ቲቸር» አለች ልጅቱ ቀና ሳትል፣ «እህቴ ናት የጻፈችልኝ።»

«ምን?»

«የታችኛውን። እህቴ ናት። አሁን ላቁም?»

«አመነች!» ብሎ ጮኸ የፊት ወንበር። ከዚያ ማን እንደጀመረው እንጃ፣ ክፍሉ ለመርማሪው ያጨበጭብ ጀመር።

መምህሩ ጎንበስ ብሎ እስክሪብቶውን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ። ጣቶቿ አልፈታ አሏት። አንድ በአንድ ራሱ ፈታቸው።