የኋላ በር ለዕቃ ብቻ

«ወንድሜ፣ ይሄ በር ለዕቃ ብቻ ነው!»

ጥበቃው እጁን ዘርግቶ መንገዱን ዘጋብን።

ልጄ ተሽከርካሪ ወንበሯ ላይ ሆና ቀና ብላ አየችው። አሥር ዓመቷ ነው።

የሙዚየሙ የፊት በር አምስት ደረጃ አለው። ለወንበር የሚሆን መወጣጫ የለውም።

ከኋላ ግን ሰፊ በርና ዘቅዘቅ ያለ የሲሚንቶ መግቢያ አለ። ዕቃ በጋሪ የሚገባው በዚያ ነው።

ልጄ በመስኮቱ ወደ ውስጥ እያየች...

«ጋሼ፣ ያ ትልቅ የወፍጮ ድንጋይ በየት ገባ?»

«በዚሁ በር ነዋ።»

«በምን?»

«በጋሪ።»

«ጎማ ባለው ጋሪ?»

«አዎ...»

«እና ድንጋይ በጎማ ይገባል፣ እኔ አልገባም?»

ጥበቃው ሳቁ አመለጠው። በሩን ግን አልከፈተም።

«ደንብ ነው የኔ ልጅ። እኔ ምን ላድርግ...»

የመጣነው ለአንድ ፎቶ ነው።

የድሮው ዱቄት ፋብሪካ ሠራተኞች ከነልጆቻቸው ሆነው የተነሱት ፎቶ እዚያ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ከፊት የቆመችው፣ ፀጉሯን ለሁለት የተጎነጎነችው ልጅ ባለቤቴ ናት። ያኔ አሥር ዓመቷ ነበር።

ሌላ የልጅነት ፎቶ የላትም።

ካረፈች አምስት ወሯ ነው።

«በቃ እኔ ልሸከምሽ» ብዬ ጎንበስ አልኩ።

«አይሆንም! እንደ ጆንያ አትሸከመኝ።»

«እሺ፣ በስልኬ አንስቼ ላምጣልሽ...»

«ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው» አለ ጥበቃው።

«እኔም በስልክ አልፈልግም። ራሴ ፊቷ ሄጄ ነው የማያት።»

ደሜ ፈላ። ጮህኩ... ምን ምን እንዳልኩ ዛሬ አላስታውሰውም።

በጩኸቴ አንዲት ሴትዮ ወጡ። የሙዚየሙ ዕቃ መዝጋቢ ናቸው። መነጽራቸው በክር አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል፣ ብብታቸው ሥር ወፍራም መዝገብ ይዘዋል።

ጥበቃው የሆነውን ነገራቸው። ልጄን አዩ። ወንበሯን አዩ።

«በዚህ በር ያልተመዘገበ ነገር አይገባም» አሉ ረጋ ብለው። «ስለዚህ እንመዝግባት።»

«ምን?! ልጄን? እንደ ዕቃ?»

«አዎ።»

ወንበሯን አዙሬ ልሄድ ነበር...

ልጄ ግን ከት ብላ ሳቀች። ከአምስት ወር ወዲህ ስትስቅ ስሰማት የመጀመሪያዬ ነው።

«ቁጥሬ ስንት ነው እትዬ?»

«አራት መቶ አሥራ ሁለት። ዓይነት... ልጅ። ዕድሜ?»

«አሥር።»

«እዚህ ቤት ካለው ሁሉ አዲሷ አንቺ ነሽ። ያለችበት ሁኔታ?»

«ምላሰኛ ብለው ይጻፉ» አለ ጥበቃው።

«እሷማ ድምፅዋ ቢሮዬ ድረስ መጥቷል።»

ከዚያ ወደ እኔ ቀና አሉ።

«ያበረከተው ሰው?»

አፌን ከፈትኩ። ልጄ ቀደመችኝ።

«እማዬ።»

መዝጋቢዋ እንዳለችው ጻፉ።

በመጨረሻም «በኋላ በር የገባችበት ምክንያት፦ የፊት በሩ ለወንበሯ አይሆንም» ብለው አስፍረው ፈረሙ።

በሩ ተከፈተ።

ልጄ ፎቶውን ብዙ አየችው። እኔ ከኋላዋ ቆሜያለሁ። ፎቶውን ማየት አልቻልኩም፣ የእሷን ማጅራት ነው የማየው።

«አባዬ...»

«ወዬ።»

«እማዬ እኔን ትመስላለች።»

ቤት ስንገባ ግን ንዴቴ ተመለሰ። «ልጄን ዕቃ ብለው መዘገቧት!» ብዬ በዚሁ ገጽ ላይ ለጠፍኩ። ብዙዎቻችሁ አብራችሁኝ ተቆጣችሁ። ሴትዮዋን የሰደበም ነበር። ዝም አልኩ...

ከሦስት ወር በኋላ ስልኬ ጠራ።

«የአራት መቶ አሥራ ሁለት አባት?»

ድምፃቸውን አወቅኩት።

«ይዘሃት ና። በፊት በር።»

ሄድን።

ከደረጃው ጎን አዲስ መወጣጫ ተሠርቷል። ለስላሳ ሲሚንቶ፣ በሁለቱም ወገን የብረት መደገፊያ ያለው።

መዝጋቢዋ በሩ ላይ ቆመዋል።

«ስድስት ዓመት ሙሉ ለሰው መወጣጫ ይሠራልን ብዬ ደብዳቤ ጻፍኩ» አሉኝ። «በጀት የለም ይሉኛል። ይታሰብበታል ይሉኛል። ለዕቃ ግን ደንብ አለ። አንድ በር አይሆነውም ተብሎ መዝገብ ላይ የሰፈረ ዕቃ ካለ፣ በዚያ በር በደህና የሚገባበትና የሚወጣበት መንገድ በሦስት ወር ውስጥ መሠራት አለበት።»

«ቁጥሩን ቢሰርዙትስ ኖሮ?»

«ያለ ኮሚቴ ፊርማ አይሰረዝም። ኮሚቴው ተሰበሰበ። ይህቺን ልጅ ሰርዙ ብሎ የሚፈርም ሰው ጠፋ።»



«እትዬ... ያን የጻፍኩትን...»

«አንብቤዋለሁ።»

«ይቅርታ...»

«የምን ይቅርታ! አትሜ ለኮሚቴው ያደልኩት እኔ ነኝ። ሕዝቡ እንዴት እንደተቆጣ ይዩት ብዬ።» ሳቁ። «ለእኔም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደርሶኛል። መሳቢያዬ ውስጥ አለ፣ አይበላኝም።»



ልጄ መወጣጫውን ጀምራዋለች። ልገፋት እጄን ስሰነዝር «ተው» አለችኝ።

ተውኳት።

ጎማዋን በእጇ እያሽከረከረች፣ ለብቻዋ፣ እስከ በሩ ወጣች። እዚያ ስትደርስ ዞር ብላ፣

«አባዬ፣ አትገባም እንዴ?»

ወዳጆቼ... ደንብ ደንብ የሚል ሰው ሁሉ ልቡ ድንጋይ አይደለም። አንዳንዱ ደንቡን ጠንቅቆ ያወቀው ሌላውን ሊያሳልፍበት ነው። እኔ ሐዘኔ ዓይኔን ጋርዶኝ፣ ሳልጠይቅ ፈረድኩ። ያኔ የተሳደባችሁም ሴትዮዋን ይቅርታ በሏቸው፣ አንብቤ አሰማቸዋለሁ።

እስቲ አሁን እናንተ... በየቀኑ የምትገቡበት መሥሪያ ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ ሱቅ በሩ ላይ ስንት ደረጃ አለ? በእሱ ምክንያት ውጪ የቀረ ሰው ታውቃላችሁ?

ቆጥራችሁ ከታች ጻፉልኝ።