ሁለተኛው ቱቦ

የገንዳው ትርፍ ውኃ መውረጃ በቀንድ አውጣ ተዘግቶ ሳሎናችን በጨው ውኃ ተጥለቀለቀ። ባሕሩ ከሞተ ወዲህ ኮራል፣ ያ ድንጋይ መሳይ የባሕር እንስሳ፣ የሚያድገው በየሰው ቤት ገንዳ ውስጥ ነው፤ በሕጉ መሠረት ደግሞ የመጀመሪያ አሳዳጊው ኮራሉ ያለበትን ቤት ቁልፍ ይይዛል። የእኛን ያሳደገችው የባሌ የቀድሞ ሚስት ፌቨን ናት። ሳታንኳኳ ገባች።

«መጠባበቂያ ቱቦ ጨምሩ ብዬ ነበር።»

«ሳሎኑን ያበላሻል ብዬ የከለከልኩት እኔ ነኝ» አልኳት።

«እሰይ! አሁን አማረልሽ?»

ባሌ ናሁሰናይ እጁን እስከ ክርኑ ገንዳው ውስጥ ከቷል። «ፌቪዬ፣ የመውረጃውን ቱቦ ያዢልኝ» አላት። እኔን አቆላምጦ ጠርቶኝ አያውቅም።

«እኔስ ምን ልያዝ?»

«አንቺ መወልወያውን አምጪ» አለ፣ ቀና እንኳ ሳይል።

አምጥቼ እግሩ ሥር ወረወርኩለት፤ ወጥቼም በሩን ዘጋሁት።