በአንዱ ዋጋ ስድስት

«እስቲ ተይኝ፣ አትደግፊኝ» አለ ሼፉ፣ ዓይኑን ከቢላው ሳይነቅል።

ሚስቱ ወደ ክርኑ የዘረጋችውን እጇን ሰበሰበች። ሻጩ ከመስታወት ሳጥኑ አውጥቶ የሰጠው ቢላ የሱቁ ውድ ቢላ ነው፤ እጀታው ጥቁር እንጨት፣ ስለቱ ዓይን ይወጋል። ሼፉ ዕድሜውን የፈጀው በሆቴል ቢላ ነው። ጡረታ ስወጣ የራሴን እገዛለሁ እያለ ሲዝት ኖሮ፣ ይኸው ወጣ።

ከወጣ ወዲህ ግን እጁ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ይህ ነገር በቤታቸው አይወራም። ባለፈው ሳምንት አሮጌው ቢላ ከእጁ አምልጦ ጫፉ ሲሰበር «እጀታው ቅባት ነክቶታል» አለ፤ እሷም «አዎ፣ እኔ ነኝ በደንብ ያላጠብኩት» አለችው። ጣቱን በጨርቅ ጠቅልሎ ያገኘችው ዕለት ደግሞ ቆርቆሮ ቆረጠኝ አላት። ያመነች መሰለች።

«ሼፍ፣ እነዚህንስ ለምን አታያቸውም?» አለች፣ ርካሾቹ ቢላዎች የተከመሩበትን ካርቶን እየሳበች። «በዚያ በአንዱ ዋጋ ከእነዚህ ስድስት ይገዛል። አንዱ ቢጠፋ ሌላው አለ።»

«ሰማህ ወንድሜ?» ሼፉ ወደ ሻጩ ዞረ። «እኔ የልቤን ቢላ ሳገኝ እሷ ሒሳብ ትሠራለች። ቋጣሪ ናት እኮ! የሠርጋችን ዕለት እንኳን የተረፈውን ሻማ ለቃቅማ ነው ቤት የገባችው።»

ሻጩ ሳቀ። እሷም አብራ ሳቀች። ቋጣሪ ብትባል ምን ይጎዳታል? ለውዱ ቢላ የሚበቃ ገንዘብ ቦርሳዋ ውስጥ አለ። የፈራችው ያንን ስለትና ያንን እጅ ነው። ይህን ልትነግረው ደግሞ አንጀቷ አልችል አለ። ሰውየው ደስ ብሎት የሚውለው ምድጃ ፊት ሲቆም ብቻ ነው፤ ቢላ አትያዝ ማለት ተኛና ሞትህን ጠብቅ ማለት ነው።

«ይሞክሩት፣ አባባ» ብሎ ሻጩ ወረቀት አቀበለው።

ሼፉ ወረቀቱን በግራ እጁ ይዞ ቢላውን አሳረፈበት። ስለቱ መሐል ለመሐል መሄድ ሲገባው ወደ ጎን ተጣሞ በጠርዙ ወጣ፤ ጣቱን ለጥቂት ሳተው። ሚስቱ አፏ ላይ የደረሰውን ጩኸት ዋጠችው። የሻጩም ሳቅ ፊቱ ላይ ደረቀ።

ሼፉ የተቆረጠውን ወረቀት ጥቂት አየው። ከዚያ ቢላውን በጥንቃቄ መስታወቱ ላይ አጋደመ።

«ይኼስ ይከብዳል» አለ። «ደግሞም ይቺ ሴት ዕድሜ ልኬን ነው የምትነዘንዘኝ። እስቲ ካርቶኑን አምጣው።»

እሷ እፎይ ማለት ነበረባት። ዓይኗ ግን መስታወቱ ላይ ከተጋደመው ቢላ አልነሳ አለ።

ሼፉ ከካርቶኑ አንድ አንድ እያነሳ ስለታቸውን የአውራ ጣቱ ጥፍር ላይ ቀስ ብሎ ያስነካ ጀመር። የተሳለ ቢላ ጥፍር ላይ ነክሶ ይቆማል፣ ዶልዷማ ይንሸራተታል። አንደኛው ነከሰ፤ ወደ ካርቶኑ መለሰው። ሁለተኛው ተንሸራተተ፤ ለብቻው አስቀመጠው። የሚቀጥለው ነከሰ፤ እሱንም መለሰው።

«አባባ፣ የተሳሳቱ መሰለኝ» አለ ሻጩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ጥሩ ጥሩውን እኮ ነው የሚመልሱት።»

ሼፉ አንገቱን እንደደፋ ሌላ ቢላ ፈለገ።

«አልተሳሳተም» አለች ሚስቱ።

ጠጋ ብላ አጠገቡ ቆመች። ከካርቶኑ አንድ ቢላ አነሳችና እሱ እንደሚያደርገው ጥፍሯ ላይ አስነካችው። ተንሸራተተ።

«ይኼም ይሆናል» ብላ ሰጠችው።

«ይሆናል» አለ ሼፉ ሳያያት፣ ተቀብሎም ከመረጣቸው ጋር አስቀመጠው።